በር ጠባቂው ጃርትና የወይዘሮ ይታይሽ ኮምፒውተር

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገሪን» በሉኝ። ባትሉኝም እነግራችኋለሁ፣ ምላሴን በልቶኛል።

በድሮ ጊዜ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ ጸሐፊ ነበሩ። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተይቡበት፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው። በውስጡ የተቆለፈ ጓዳ አለ፤ የጓዳው በር ጠባቂ ጃርት ነው። ዋና ዋናው ሥራ ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው።

ኤሊ ፕሪንተሩን ልታስተካክል መጣች። «የይለፍ ቃል!» አለ ጃርት። ወይዘሮ ይታይሽ ጻፉ።

ንብ ቆሻሻ ልትጠርግ መጣች። «የይለፍ ቃል!» ጻፉ።

ጉንዳን አዲስ ፕሮግራም ልትጭን መጣች። «የይለፍ ቃል!»

«አሁን ነገርኩህ እኮ!»

«እሱ የንብ ነበር፣ እመቤቴ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፉት። ወረፋ የያዘ ደንበኛ ጮክ ብሎ ሲያነበው ደንግጠው ቀደዱት፤ ቃሉንም ቀየሩ።

በማግስቱ ግን መረራቸው። «ስማ፣ የመጣውን ሁሉ ሳትጠይቅ አስገባ!»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አልኩህ!»

ጃርት እሾሁን አጥፎ ተኛ። ያን ዕለት ከአንድ ደንበኛ ፍላሽ ውስጥ አያ ጅቦ ዘሎ ወረደ።

«ማነህ?»

«ጅብ ነኝ።»

«ግባ፤ ሁሉም ይግባ ተብሏል።»

ገባና ሰብለወንጌል የምትባል ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ መቆርጠም ጀመረ። ጽሑፉን የምታስረክበው በማግስቱ ነው። ጉንዳን ጮኸች፤ ወይዘሮ ይታይሽ ሶኬቱን ነቀሉ። አያ ጅቦ ሸሸ፤ ሁለት ምዕራፍ ግን ተበልቷል።

ሰብለወንጌል አለቀሰች። ወይዘሮ ይታይሽም አፈሩ። ሌሊቱን ሙሉ ከእጅ ጽሑፏ ላይ እንደገና ተየቡላት፤ ጣታቸው አበጠ፣ ጽሑፉ ግን ደረሰ።

ከዚያ ጃርትን ጠሩት። «በመዝገብህ ጻፍ። ኤሊ ለፕሪንተር ብቻ፣ ንብ ለጽዳት ብቻ፣ ጉንዳን ለመጫን ብቻ ሳይጠየቁ ይግቡ። ሌላውን ጠይቅ።»

«ይኼማ ድሮም ይቻል ነበር» አለ ጃርት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ጠያቂ ነኝ።»

አያ ጅቦ ተመልሶ መጣ። «ኤሊ ነኝ» አለ ድምፁን አቅጥኖ።

«ኤሊ ውስጥ ናት። የይለፍ ቃል!»

አያ ጅቦ ወደ ፍላሹ ተመለሰ።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። የሚያምኑትን በስሙ ያስገቡታል እንጂ በሩን ለሁሉ አይከፍቱም። ወይዘሮ ይታይሽ የስምንት ፊደል የይለፍ ቃል መጻፍ ሰልችቷቸው የተበላውን አርባ ገጽ ጻፉ።