የምንጩ ክዳን

አንድ የቆላ መንደር ነበር። ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው፤ እሷ ከደረቀች ቀዬውን ጥሎ ከመሰደድ ሌላ ዕጣ የለውም። ታዲያ የዚህ መንደር ሰው አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ፣ ቶሎ እንዲወርድለት ብሎ የምንጩን ዓይን በእንጨት ይጎረጉራል። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ። የራሱን ዕቃ ሞልቶ፣ ለሚቀጥለው ሰው ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ምንጯም ከዓመት ዓመት እየቀጠነች መጣች።

በመጨረሻ መንደሩ ይርዳው የሚባል ሰው ምንጯን የሚጠብቅ የውሃ አባት አድርጎ ሾመ። ይርዳውም የምንጩን ዓይን ዙሪያውን በድንጋይ ገነባው፣ ከላይ ከደነው፣ ከፊት አንድ ቧንቧ አወጣለት። የክዳኑን ቁልፍም አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

መንደሩ ተቆጣ። ጓንጉል የተባለ ባለ ብዙ ከብት ገበሬ ሸንጎው ፊት ቆመ።

«ይርዳው፣ የአባቶቻችንን ምንጭ ደበቅህብን። ውስጡን መንካት መብታችን ነው» አለ።

«የምትፈልገው ውሃውን ነው ወይስ ጉድጓዱን?»

«ውሃውን ነዋ።»

«ውሃው በቧንቧው ይወርዳል። ከጎደለ እኔን ያዙኝ። ዓይኑን ግን ማንም አይነካም።»

ሸንጎው ውሃው አንድ ቀን ቢቋረጥ ይርዳው ከነቤተሰቡ መንደሩን ለቆ እንዲወጣ ወሰነ። ይርዳው እሺ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ግንቦት ላይ የፈራው ደረሰ። ክዳኑን ሲከፍት አሮጌው ዓይን ደርቋል፤ ውሃው ከግንቡ ሥር በሌላ ጥግ ይፈልቃል። ወዲያው ቆፈረ፣ ቦይ አበጀ፣ ውሃውን ወደዚያው ቧንቧ መለሰው። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሲመጡ ቧንቧው እንደ ወትሮው ይወርዳል።

ክረምት ሲገባ ጓንጉል፣ «ይኸው፣ ምንጫችን ከጥንት ጀምሮ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለች» ብሎ ተኩራራ። ይርዳው ሳቀና የሆነውን ሁሉ ነገረው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግራችሁ ሁላችሁም እንጨት ይዛችሁ ትመጡ ነበራ።»

የኮምፒውተር ፕሮግራም አሳምረው የሚጽፉ ሰዎችም ሥራቸው ይኸው ነው። የፕሮግራሙን የውስጥ አሠራር ይከድኑና፣ ሌላው የሚጠቀምበትን መንገድ ብቻ እንደ ቧንቧ ያወጡለታል፤ ውስጡ ቢለወጥ እንኳ በውጭ ያለው ሰው ሥራ አይፈርስበትም። መክደን ግን ለራስ ማስቀረት አይደለም። የከደነ ሰው ስለ ውሃው ይጠየቃል፤ ይርዳው ቁልፉን አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል ዕዳውንም አብሮ አንጠልጥሏል። እናንተስ፣ የለፋችሁበትን ነገር ያለፈ ያገደመ ሁሉ በእንጨት እንዲጎረጉረው ትታችሁታል፣ ወይስ ቧንቧ አውጥታችሁለታል?