ጨዋዋ ሞተር

ቀኛዝማች ይመኑ ቁጡ ባላባት ነበሩ። አንድ ቀን ቁመቷ ከወገብ እምብዛም የማያልፍ አሮጌ ሞተር ብስክሌታቸውን ለሽያጭ አወጡ። ሊገዛ ያሰበው መምህርም አንድ ምላሰኛ መካኒክ አስከትሎ መጣ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የነካት የለም» አሉ ቀኛዝማች፤ «እንዲያም ሆኖ በአንድ ርግጫ ትነሳለች!»

መካኒኩ ሞተሯን በመዳፉ ዳሰሳት። ወዲያው እጁን ሰብስቦ ጣቶቹን እፍ እፍ አለ። ቀኛዝማች ቶሎ እንድትነሳላቸው ጠዋቱን ሙሉ ሲያሟሙቋት እንደቆዩ ገባው።

«ምነው? ዋሹ ልትል ነው?» ብለው ቀኛዝማች አለንጋቸውን አነሱ። «እኔን ውሸታም ያለ ሰው ጀርባውን ነው የምልጠው!»

መካኒኩ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ጌታዬ! ሞተሯ ግን ጨዋ ናት መሰለኝ፤ እርስዎ ሲናገሩ ስትሰማ በሀፍረት ጋለች።»