በሱሪው ቅምቅማት የሄደው መልስ

በአንድ ወቅት፣ ጦርነቱ በምሥራቅ በኩል በተፋፋመበት ዘመን፣ ወንድይፍራው የሚባል ሰው በፖለቲካ ተጠርጥሮ ታሰረ። ቤት የቀሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ እናቱ፣ ሚስቱ ዘውድነሽና ታናሽ እህቱ። እህቱ እኔ ነኝ። ይህን ነገር ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም የምጽፈው ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ነው።

ለእስረኛ ደብዳቤ ክልክል ነበር። ዘበኞቹ ወጡን በሽቦ ያማስላሉ፣ እንጀራውን ገልጠው ያያሉ። የእስረኛ ልብስ ግን ቅማሉን ፈርተው አይነኩም፤ ታጥቦ ሲገባም ከሩቅ አይተው ያሳልፉታል። ስለዚህ ወንድሜ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ በሱሪው ቅምቅማት ውስጥ ይሸጉጠው ነበር። ዘውድነሽ ምሳ አድርሳ ያደፈውን ልብስ ታመጣለች። እናቴ ልብሱን ከመቀቀሏ በፊት በጣቷ ዳብሳ ወረቀቱን ታወጣለች። ከሦስታችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ አነብላቸዋለሁ፤ መልሱንም እጽፋለሁ። እናቴ በታጠበው ሱሪ ውስጥ መልሳ ትሰፋዋለች።

አንድ ማክሰኞ እንዲህ የሚል መጣ፦

«ፈርሞ ግንባር የሚሄድ ይፈታል ተብለናል። የማይፈርም ምን እንደሚሆን አልነገሩንም። እኔ መምረጥ አቃተኝ። እናንተ ያላችሁኝን አደርጋለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ላኩልኝ።»

እናቴ ጊዜ አልወሰደችም። «ይፈርም! እዚያ ቅማል ከሚጨርሰው ይውጣ። መንገድ ላይ ያመልጣል። ከእኔ አለንጋ ስንቴ አምልጧል!»

«እማማ፣ ርችት ሲተኮስ ጆሮውን የሚይዝ ሰው ነው ግንባር የሚሄደው?» አለች ዘውድነሽ። «አይፈርም። እዚህ ካለ፣ ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ቢያንስ መብላቱን አውቃለሁ።»

«አንቺ ምሳ ዕቃ ይበቃሻል፤ እኔ ልጄን ነው የምፈልገው!»

«እኔስ ባሌን አይደል?»

እናቴ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ ዘውድነሽም ምሳ ዕቃውን ወደ ማጠብ ዞረች።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ጓሮ ጠራችኝ። «ሙሉዬ፣ ይፈርም ብለሽ ጻፊ። እሷ አትስማ፤ ልቧ ይሰበራል።» እሺ አልኳት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘውድነሽ እጄን ያዘችኝ። «አትፈርም በይው። ለእማማ እንዳትነግሪብኝ፣ አደራ።» እሷንም እሺ አልኳት።

እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት የእኔ ድርሰት ለክፍሉ ይነበብ ነበር። ያን ቀን ግን አንዲት ፊደል ከእጄ አልወጣችም። ምንም ያልተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፌ ለእናቴ ሰጠኋት። ሰፋችው። ዓርብ ዘውድነሽ ሱሪውን ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ተመለሰ። ዘበኛው፣ «ከእንግዲህ ምግብ አያስፈልገውም» አላት።

«ግንባር ሄዶ ነው?»

«ሂጂ ብያለሁ!»

ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሜ የሰማነው ነገር የለም።

እናቴ በእሷ ቃል ፈርሞ ግንባር የቀረ መሰላት። ባሏን አሳጣኋት እያለች፣ የልጇን ሚስት ቀና ብላ ሳታያት ሞተች። ዘውድነሽ በእሷ ቃል አልፈርምም ብሎ የተገደለ መሰላት። ልጇን አሳጣኋት እያለች፣ ሌላ ባል ሳታገባ እናቴን እስከ መጨረሻው አስታመመች። አንዷ ለሌላዋ አልተናገረችም። እኔ በመካከላቸው ሆኜ ሁለቱንም አየሁ፤ አፌ ግን አልተከፈተም።

አሁን ዘውድነሽ እኔ ቤት ታማ ተኝታለች። ባለፈው ሳምንት፣ «ሙሉ፣ እንዳልኩሽ ነው አይደል የጻፍሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት። እውነቱን ብነግራት ከጸጸቷ ትገላገል ይሆናል። ግን ያን ጊዜ፣ ወንድይፍራው ምክር ለምኖን ባዶ ወረቀት ሲዘረጋ በዓይኗ ይታያታል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ፈርም ያለችው እናት፣ አትፈርም ያለችው ሚስት፣ ምንም ያላልኩት እኔ፤ ከሦስታችን ወንድሜን የበደለችው የትኛዋ ናት?