የአቶ ልሳነወርቅ ፈጣን ኮምፒውተር

አንድ ቀን አንዳርጌ የሚባል ጫኝና አውራጅ፣ ቱፋ ከሚባል የሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ፣ አዳማ ውስጥ አንድ ቁምሳጥን አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዲያወጣ ተጠራ። አንዳርጌ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከትከሻው አያንስም። በሰፈሩ «ከአንዳርጌ ጋር ዕቃ ተሸከም እንጂ ነገር አትግጠም» ይባላል። ክፋት ግን የለውም። ዝም ብሎ ይሰማል፣ ይሰማል፣ ከዚያ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የቁምሳጥኑ ባለቤት አቶ ልሳነወርቅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት የሚሉ ሰው ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ሄደው የድንኳን አተካከል ያስተካክላሉ፤ ያስተካከሉት ድንኳን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የነፋሱ ነው። አናጢ ሲያዩ ስለ መጋዝ፣ ሾፌር ሲያዩ ስለ መሪ ያስተምራሉ። እነአንዳርጌን ሲያዩማ፣ ቁምሳጥኑ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ወገብና ስለ ደረጃ አወጣጥ ትምህርት ጀመሩ።

አንዳርጌና ቱፋ አስራ አምስት ዓመት ሲሸከሙ የኖሩ ናቸውና «እሺ ጋሼ» እያሉ በራሳቸው መንገድ ተሸከሙ። አቶ ልሳነወርቅ ግን አልለቀቋቸውም። ከቁምሳጥኑ ፊት ፊት፣ ኋሊት እየተራመዱ፣ «ሠላሳ ዲግሪ ወደ ግራ፣ አሁን አስራ አምስት ወደ ቀኝ» እያሉ ይመሩ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ቁምሳጥኑ ዞረና እሳቸውን ከነባርኔጣቸው ግድግዳው ጥግ ላይ አጣበቃቸው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ሆነ። ድምፃቸው ግን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አልተቋረጠም፤ ልኬቱ ልክ እንደነበረ፣ የተሳሳተው ሕንፃውን የሠራው መሐንዲስ እንደሆነ ያስረዳሉ። አንዳርጌ ቱፋን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ማብራሪያው እስኪያልቅ ትንሽ አረፍ አሉ። ማብራሪያው እንደማያልቅ ሲገባቸው ቁምሳጥኑን ሳብ አድርገው አስለቀቋቸው።

ቤት ሲገቡ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ነው። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ ቬንትሌተር ቢኖርም የሚነፋው ወደ ሰው አይደለም፤ ጥግ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ወደ ተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ከራሱ እስከ ወገቡ ለብሷል። ፊት ለፊቱ ሕሊና የምትባለው የአቶ ልሳነወርቅ ልጅ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ሬሳ እንደምትጠብቅ ሰው ተቀምጣለች።

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ቁምሳጥኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ የተከመረውን ልብስ ገና አላነሱም ነበርና ይቅርታ ጠይቀው፣ ለአንዳርጌ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥተው፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ አስቀመጡት። ቱፋ መሳቢያዎቹን ሊያመጣ ወደ መኪናው ተመለሰ። አንዳርጌ ልጅቷን አየና አንጀቱ አልቻለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቤቱ ውስጥ ሐዘን ገብቶ እንደሆነ ወይዘሮ የሺእመቤትን ጠየቃቸው።

እሳቸውም ልብሱን እያጠፉ፣ ባላቸው እንዳይሰሟቸው እያንሾካሾኩ ነገሩት። ሕሊና የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። ስለ ዶሮ ፈንግል ስምንት ወር የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልላከች ዘንድሮ አትመረቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጽሑፉ እንዲከፈት ነካ አድርጋ ነበር። እናትየው ገበያ ሄደው ሽንኩርት ገዝተው ተመለሱ፣ ወጥ ሠሩ፣ ምሳ ተበላ፣ ዕቃ ታጠበ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ እስካሁን ትዞራለች። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ዓመት ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ትንሽ ዘገየ። ትንሽ ብቻ። ሕሊና አስተካክለዋለሁ ስትል አቶ ልሳነወርቅ፣ ይኼ የልጅ ሥራ አይደለም ብለው፣ ፕሮግራም የሚገባበትንና የሚወጣበትን ፓስወርድ ቀይረው ነገሩን በእጃቸው አስገቡ። በመጀመሪያ ደክሞታል ብለው ሁለት ሳምንት አሳረፉት። ከዚያ ሙቀት ነው ብለው ቬንትሌተሩን ከቤተሰቡ ቀምተው ለእሱ ሰጡት፤ በአዳማ ግንቦት! አቧራ እንዳይገባው ደግሞ ዳንቴሉን አለበሱት፤ ዳንቴሉና ቬንትሌተሩ እርስ በርስ እንደሚጣሉ ሕሊና ብትነግራቸው፣ ዳንቴሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ አየር ያሳልፋል አሏት። ቀጥሎ ቫይረስ አለ ሲባል ሰሙና መስኮቱን ዘጉ፤ የፍላሽ መሰኪያዎቹንም አንድ በአንድ በቁስል ፕላስተር አሸጉ።

ያ ሁሉ አልሆን ሲል የመጨረሻውን መድኃኒት አገኙ። ለካ ኢንተርኔት ላይ ኮምፒውተር የሚያፋጥኑ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። አንድ አፋጣኝ አመጡ። ሲዘገይ ሌላ አፋጣኝ ጨመሩ። አፋጣኞቹን የሚጠርግ ጠራጊ፣ ጠራጊውን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ዘበኛው እንዳይተኛ የሚቀሰቅስ ሌላ ዘበኛ አመጡ። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ ሁሉም በአንዴ ይነሳሉ። ሁለቱ ዘበኞች ሌባ ሌባ እየተባባሉ ይያያዛሉ፤ ጠራጊዎቹ አንዱ ሌላውን ቆሻሻ ነው ብሎ ሊጠርግ ይሮጣል፤ አፋጣኞቹ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ይባባላሉ። የዶሮዎቹ ጽሑፍ መሐላቸው ገብቶ መውጫ አጥቷል። ሕሊና አባቷን እናጥፋቸው ብላ ስንት ጊዜ ለመነች። እሳቸው ግን ፓስወርዱን አይሰጡም።

ወይዘሮ የሺእመቤት እዚህ ላይ ሲደርሱ ባላቸው ባርኔጣቸውን ሰቅለው መጡና ልጃቸውን ከወንበሩ አስነሱ። አትጨነቂ፣ ችግሩን ደርሼበታለሁ አሏት። ለካ እነዚያ ሁሉ ፕሮግራሞች የጎደላቸው አለቃ ኖሯል። ሁሉንም የሚያስተባብር አንድ ትልቅ አፋጣኝ ትናንት አግኝተዋል፤ አሁን እሱን ያስገባሉ፤ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሕሊና እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ። ሦስት ሰዓት ከፈጀማ ቀኑ አለፈ። አባቷን ግን ምን ትላቸው? ሰው ፊት ነው።

«ይኼውልሽ፣ አውርጄዋለሁ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «አሁን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ።»

አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ማውረድና መጫን የእንጀራው ቃል ናቸው። ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በትሕትና ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከየት ነው ያወረዱት?»

«ከኢንተርኔት ነዋ።»

«የት ላይ ሊጭኑት ነው?»

«እዚሁ ላይ ነዋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ።»

ከዚህ በፊት ስንት እንደጫኑበት ጠየቃቸው። አቶ ልሳነወርቅ ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ወንበራቸውን አዙረው፣ አስራ አንድ እንደጫኑ፣ ይኼ አስራ ሁለተኛው እንደሆነ ነገሩት። ከአስራ አንዱ መሐል የወረደ አለ ወይ ሲላቸው ደግሞ ሳቁበት። ለምን ይወርዳል? በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራቸው አንዲት ወረቀት እንኳ ከመዝገብ አውጥተው አያውቁም። ደግሞስ የጫኑት ለፍጥነት አይደለም እንዴ?

አንዳርጌ ሳቁን በውኃው ሊውጠው ሞከረ። ውኃው ግን ትን አለውና ብርጭቆው ውስጥ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ወይዘሮ የሺእመቤት የሚያጥፉትን ፎጣ አፋቸው ላይ አደረጉ። ሕሊናም ከእንባዋ መሐል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው።

አቶ ልሳነወርቅ አዩ። ፊታቸው ቀላ። መነጽራቸውን አወለቁና አንዳርጌን ከላስቲክ ጫማው ጀምረው ትከሻው ላይ እስካለው ገመድ ድረስ ቀስ ብለው ለኩት።

«አንተ» አሉት፣ «ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቅና ነው የምትስቀው? ጫኝና አውራጅ አይደለህም እንዴ?»

ሕሊና በአባቷ ፈንታ አፍራ መሬት መሬት አየች። አንዳርጌም ነገሩ ትንሽ ጠቅ አደረገው፤ ልጆቹን የሚያበላበት ሥራ እንደ ስድብ ሲወረወርበት ደስ አላለውም። ግን አልተቆጣም። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ብድግ አለ።

«ልክ ብለዋል ጋሼ፤ ጫኝና አውራጅ ነኝ» አለ። «እኔ የጫንኩትን አወርዳለሁ። እርስዎ ግን የሚያወርዱትም ለመጫን ነው።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ፎጣው አላዋጣቸውም፤ ልብሱ ክምር ላይ ተቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። አቶ ልሳነወርቅ ዞረው ኮምፒውተሩን አዩት፤ ታች ጥግ ላይ የተደረደሩትን የፕሮግራሞቹን ትናንሽ ሥዕሎች በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ አስራ አንድ ደረሱ። ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና፣ ፓስወርዱን ግን እኔ ነኝ የማስገባው አሉ። በግራ እጃቸው ከልለው በቀኛቸው አስገቡና ወንበሩን ለቀቁ።

ሕሊና ጊዜ አላጠፋችም። አስራ አንዱንም ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ አወረደቻቸው። አንዱ በወረደ ቁጥር አባቷ ከኋላዋ ቆመው፣ «እሱ እንኳ ጥሩ ነበር» እያሉ እንደ ዘመድ ያዝናሉ። ሁለተኛው ዘበኛ አልወጣም ብሎ እርግጠኛ ነሽ ወይ እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስቱንም ጊዜ እርግጠኛ ነኝ አለችው። ዳንቴሉንም ገፈፈችና ለእናቷ ሰጠች፤ ኮምፒውተሩንም አጥፍታ አበራችው። አንዳርጌና ቱፋ ቁምሳጥኑን ግድግዳው ጋ አስጠግተው መሳቢያዎቹን እስኪከቱ ድረስ የዶሮዎቹ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ተከፈተ። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተላከ። ሕሊና ሁለቱንም ሰዎች እስከ ታች ድረስ ወርዳ ሸኘቻቸው፤ ቬንትሌተሩም ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰው ዞረ።

በማግስቱ አቶ ልሳነወርቅ ሕንፃው በር ላይ ቆመው ነበር። አንድ ጎረቤታቸው ኮምፒውተሬ ዘገየብኝ ብሎ ሲያማርር ሰሙና፣ ክንዱን ይዘው ወደ ጥላው ወሰዱት። ብዙ ዓመት ያጠኑት ጉዳይ እንደሆነ ነገሩት፤ ምሥጢሩ አንድ ቃል ነው አሉት፤ ማውረድ። ያለማቋረጥ ማውረድ። ጎረቤትየው ከልቡ አመሰገናቸው፤ ቤቱ ገባና እራት እስኪቀርብ ድረስ ከኢንተርኔት አስራ አራት ፕሮግራም አወረደ።