ጋን ውስጥ የሚዘፍነው ስልክ

አንድ ጊዜ፣ የአራዊት ገበያ በሚቆምበት ሜዳ፣ ቀበሮ ስማርት ስልክ መሸጥ ጀመረ። በገበያ ቀን ማንም ማንንም አይበላም የሚል ደንብ ነበራቸውና፣ ጅብም አህያም አንድ መደብ ፊት ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር።

እመት አህዪት ኑሮዋ እህል ጭና ወደ ወፍጮ ቤት መመላለስ ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ጭነቱ ከባድ፤ የሚያቀልላት ዘፈን ብቻ ነበር። ያለቻት ስልክ ግን አሮጌ ባለ ቁልፍ ናት፤ ስትዘፍን ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚንከባለል ይመስላል። እንደ እሷ ያለ ጆሮ ላለው፣ ልጆቼ፣ ይህ ቀላል ስቃይ አይደለም። የዚያን ቀን የተሻለ ስልክ ባገኝ ብላ አንድ ስልቻ ገብስ ይዛ ገበያ ወጣች። ገብሱ የክረምት ቀለቧ ነው። ወንዙ ሲሞላ ወፍጮው ይዘጋል፣ ሥራም የለም፤ ያ ገብስ ከሄደ የምትቀምሰው የላትም።

ከቀበሮ መደብ የሚወጣው ድምፅ ግን እግሯን ያዘው። ክራሩ ደረቷ ድረስ ይገባል፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ስልኩ የተቀመጠው ትልቅ ጋን ውስጥ ነው። ቀበሮን ለምን ቢሉት፣ ፀሐይ እንዳይመታው ነው ይላል።

አያ ጅቦ አጠገቧ ቆሞ ምራቁን ይውጣል፤ ዘፈኑን ሊበላው የፈለገ ነው የሚመስለው። ወዲያው ለክረምት ያስቀመጠውን ቋንጣ በሙሉ አራገፈና አንዱን ስልክ ከነካርቶኑ ታቅፎ ሄደ።

ቀበሮ ወደ አህዪት ዞረ። «እርስዎስ እሜቴ? ያቺን ስልቻ ያውርዱልኝና እየጨፈሩ ይሂዱ።»

አህዪት ስልቻውን ልታወርድ ጎንበስ አለች። አንድ ነገር ግን ያዛት። ዕድሜዋን ሙሉ እህል ስትጭን ያየችው አለ፤ ነጋዴ ምርጡን ከላይ፣ ገለባውን ከሥር ያደርጋል፤ አዋቂ ገዢ ደግሞ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከቶ ከሥር ዘግኖ ያያል። እሷ እጅ የላትም። አፏን ጋኑ ውስጥ ሰደደችና ስልኩን በከንፈሯ ይዛ አወጣችው።

ዘፈኑ ከሳ። ያ ሁሉ ክራር የትንኝ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

«ይመልሱት እንጂ እሜቴ፣ ፀሐይ ይጎዳዋል።»

«ድምፁ የት ሄደ?»

«ከጆሮዎ ነው። ሰፊ ስለሆነ ይበተንበታል።»

አህዪት አልተቀየመችም፤ የጆሮ ስድብ ለምዳለች። ለመሆኑ ይህ ስልክ ምን ይበላል ብላ ጠየቀችው። ቀበሮ ስቆ፣ ስልክ አይበላም አላት። እሷ አልለቀቀችውም። በየሳምንቱ የኢንተርኔት ጥቅል ካልተገዛለት ዘፈን ያመጣል? አያመጣም። ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል? አንድ ቀን፤ ከዚያ ጦጣ ቤት ሄዶ ቻርጅ ይደረጋል፤ ጦጣም በነጻ አታደርግም። ወድቆ መስታወቱ ቢሰነጠቅስ? ቀበሮ እዚህ ላይ ጢሙን አሻሸ። ማስቀየሪያው የስልኩ ዋጋ እኩሌታ ነው አለ።

«እንግዲያ ከእኔ የበለጠ በላተኛ ነው» አለች አህዪት፤ «እኔ እንኳ ስበላ እሸከማለሁ።»

ስልቻዋን አስተካክላ ቤቷ ገባች። የጋኑን ነገር ግን አልረሳችውም። ከቤቷ ባዶ ቅል ፈልጋ፣ አሮጌ ስልኳን ከተተችበትና አንገቷ ላይ አሰረችው። እንደ ቀበሮ ጋን አማረ አይባልም፤ መንኳኳቱ ግን ቀርቶ ዘፈኑ ዘፈን መሰለ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ጅቦ ጎኑ ገብቶ መጣ። ስልኩ ቤት ሲደርስ ድምፁ ቢሰልልበት፣ ርቦት ነው ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ለጥቅልና ለጦጣ ከፍሎለታል፤ እሱ ራሱ ጦሙን አድሯል። አሁን የአህዪትን ዘፈን ሰማና ተጠጋት።

«እመት አህዪት፣ ስልክሽ ምን ቢበላ ነው እንዲህ የወፈረው?»

«ስልኬስ ያው ነው አያ ጅቦ። ዕቃ ውስጥ ስለከተትኩት ነው።»

ዕቃው ባዶ መሆን እንዳለበት ልትነግረው ነበር፤ እሱ ግን መች ቆሞ ሰማ። ሮጦ ያገኘው እንስራ ውስጥ ስልኩን ጣለው። እንስራው ውሃ የሞላ ነበር። ቡልቅ አለና አረፋ ወጣ። ጅብም ዘፈኑ እስኪጀምር ጆሮውን እንስራው ላይ ደግፎ ገበያው እስኪበተን ጠበቀ።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላ፣ ወፍጮው ተዘጋ፤ አህዪት ደጇን ቀርቅራ ገብሷን ትቆረጥማለች። አያ ጅቦ በዝናብ እየተደበደበ ቀበሮ ቤት ሄዶ፣ ከዚያ ሁሉ ቋንጣ ጥቂት እንኳ ይመልስለት ዘንድ ለመነ።

ቀበሮ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ቋንጣ እንኳ የለም» አለው፤ «ውሃ የማያስገባ የስልክ ሽፋን ግን አለ።»

ከዚህ የምንማረው፣ አንድን ነገር ከመግዛታችን በፊት ሻጩ ካስቀመጠበት አውጥተን መፈተን፣ ቤታችን ከገባ በኋላም ምን እንደሚያስወጣን ጠይቀን ከቀለባችን ጋር ማመዛዘን እንዳለብን ነው።