የጾምና የፍስክ ደም

አንድ ወቅት ነበር፤ ሰው ጤነኛ ሆኖ አድሮ፣ ጠዋት አፉ ተጣሞና ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት የሚነሳበት። በዚያ ወቅት በአንድ የደጋ ከተማ ሆስፒታል ሦስት ሰዎች፣ ስትሮክ ሰውን ከመጣሉ በፊት በደሙ ቅባት ውስጥ የሚታይ ምልክት እንፈልጋለን ብለው ተነሡ።

መኳንንት ሐኪም ነበር። አባቱ በልጃቸው ሠርግ ላይ በዚሁ በሽታ ከወንበር ወድቀው በሦስተኛው ቀን ሞተውበታል። ከታመሙት በሆስፒታሉ፣ ከጤነኞች ደግሞ ቤት ለቤትና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እየዞረ ደም ቀዳ። «ምን ልታደርገው ነው ዶክተር? ልትቸረችረው?» ሲሉት እየሳቀ ተንበርክኮ ለመነ። አራት መቶ ሰው ሰጠው።

እንግዳወርቅ የላቦራቶሪው ሰው ነበር። በኬሚስትሪ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ፣ የማስተርስ ዕድሉ ዘመድ ላለው ተሰጥቶበት፣ ከቱቦና ከማቀዝቀዣ ጋር የቀረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ቢያልፍም አንድም ቀን አልረሳውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ቱቦዎቹን በበረዶ ሸፍኖ አጠገባቸው ይቀመጣል። ቱቦውን ሊረከብ ሲሄድም ማንም ሳያዘው ደም ሰጪውን ሁሉ «ጾመኛ ነህ? ቅቤ የበላኸው መቼ ነው?» እያለ በአንድ ደብተር ይመዘግባል።

«እንግዳ፣ ንስሐ አባት ሆንክ እንዴ?» ይሉታል ነርሶቹ።

አንድ ቀን ደብተሩን ሲያገላብጥ ነገሩ ታየው። መኳንንት የጤነኞቹን ደም የቀዳው በሁዳዴ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰብስቦ ሲያገኘው ነው። የታመሙት ግን አብዛኞቹ የገቡት ከፋሲካ በኋላ ነው። ሽሮና ጎመን የበላ ሰው ደም፣ ዶሮና ቅቤ ከበላ ሰው ደም ጋር እየተወዳደረ ነበር። ሄዶ የሐኪሙን በር አንኳኳ።

«ዶክተር፣ የጤነኞቹ ደም ላይ አንድ ነገር…»

«እንግዳ፣ አንተ ቱቦህን ጠብቅልኝ። ምርምሩን ለእኔ ተወው።»

እንግዳወርቅ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ጠብቅ ካልከኝ እጠብቃለሁ፣ አለ በሆዱ። ሰውየው በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አማረው።

ትርሲት ቁጥሩን የምታሰላ ወጣት መምህር ነበረች። በታመሙት ደም ስድስት የቅባት ዓይነቶች በዝተው አገኘች። ውጤቱ በስብሰባ ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሆስፒታሉም በዚያ መሠረት ሰው መመርመር ጀመረ። የግቢው ጥበቃ አቶ ድንበሩ በፍልሰታ ጾም ተመረመሩ። ደማቸውን የቀዳው እንግዳወርቅ ነው። ደብተሩ ላይ «ጾመኛ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ አልተናገረም። «ደምዎ ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ሲደርሳቸው አቶ ድንበሩ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ጣሉ። በጥቅምት የጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቁ። ቀኝ እጃቸውም አንደበታቸውም አልተመለሰም።

«በፍልሰታ እኮ ጠብታ ወተት አልቀመሰም፤ ምን በልቶ ነው የታመመው?» እያሉ ሚስታቸው ሲያለቅሱ የሰማችው ትርሲት ናት። ሮጣ ደም የተቀዳባቸውን ቀናት አየች። ከዚያ መኳንንት ፊት ቆመች።

«ሥራችን ስህተት ነው።»

«ትርሲት፣ ስማችን ወጥቷል እኮ!»

«ይውረዳ!»

ከሥራ እንደምትባረር እየተነገራት፣ የራሷን ስም ከላይ አድርጋ ውጤቱ እንዲሰረዝ ጻፈች። ምርመራው ቆመ። ግን ማን ጾሞ ማን ፈስኮ እንደነበር የሚያውቅ የለም ተብሎ የአራት መቶ ሰው ደም ሊደፋ ሆነ። ያን ጊዜ እንግዳወርቅ ደብተሩን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ እጅህ ላይ አለ?» አለችው ትርሲት።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ተናግሬ ነበር። ቱቦህን ጠብቅ ተባልኩ።»

«ስንት ጊዜ ተናገርክ?»

«አንዴ» አለ፤ ፊቷንም ማየት አልቻለም።

በደብተሩ መሠረት እንደገና ሲሰላ ከስድስቱ አምስቱ የቅቤ ሥራ ሆነው ወደቁ። አንዱ ግን ጾምም ፍስክም ሳይነካው ቀረ። መኳንንት በየቤቱ ተመልሶ «ተሳስቼ ነበር» እያለ፣ እየተሰደበም፣ ከጤነኞቹ በፍስክ ወራት እንደገና ቀዳ። ያ አንዱ ጸና። ሲፈልጉት የነበረው ምልክት እሱ ነበር።

አሁን ለዚሁ ሥራ አዲስ ላቦራቶሪ ተሠርቷል። ኃላፊ የሚሆነው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ግኝቱም በእሱ ስም ይመዘገባል። የሆስፒታሉ ሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ሊወስን ሦስቱን ጠራቸው።

«ጥያቄው የእኔ ነው» አለ መኳንንት። «ስህተቱም የእኔ ነው፤ አልሸሸሁትም።»

«እኔ እንቢ ባልል ኖሮ ዛሬም ሰው በውሸት ንጹሕ ነህ ይባል ነበር» አለች ትርሲት።

እንግዳወርቅ ብዙ ሊል አስቦ ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመት ንግግር አፉ ላይ ነበረ። «ያለ እኔ ደብተር እውነቱ አይገኝም» ብቻ ብሎ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል አቶ ድንበሩ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ሚስታቸው በማንኪያ ያጎርሷቸዋል።

ዲኑ እስካሁን አልፈረመም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የሚያውቀውን አንዴ ተናግሮ አፉን የተዘጋ ሰው፣ ስንት ጊዜ መናገር ነበረበት? ጠይቆ ከለመነው፣ ደፍራ ካቆመችው፣ ጠብቆ ዝም ካለው፣ ላቦራቶሪው ለማን ይገባል?