የሚኒስትሩ ቆብ

በአንድ የባሕር ጠረፍ አገር፣ ከባሕሩ ሥር የተቆፈረ የጋዝ ጉድጓድ እያፈሰሰ ዓሣውን ፈጀው። የቆፈረው ኩባንያ ሳይደፍነው ፈቃዱን ለሌላ ኩባንያ ሊያስተላልፍ ሆነ። ዝውውሩን የሚቆጣጠሩት ሚኒስትር ከአዲሱ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ጋር አንድ ዓይነት የኩባንያውን ቆብ ደፍተው መጡና ዓሣ አጥማጆቹን «መስማማታችሁ እንዲታወቅ አጨብጭቡ!» አሉ።

አንዲት ዓሣ ሻጭ ግን እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስለ ፈቃድ ዝውውር ምን ታውቂና ነው?»

«ክቡር ሚኒስትር፣ እኔ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ። ሁለተኛው ባሌ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ‹የፊተኛውን ልጅ ማን ያሳድጋል?› ብለው ጠየቁ። እርስዎስ ይህን ጉድጓድ ማን ይደፍነዋል ብለው ጠይቀዋል?»

ሚኒስትሩ ቆባቸውን አስተካከሉ። «እሱ በሂደት ላይ ነው።»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ሽማግሌ መስለውኝ ነበር። ለካ ከሙሽራው ጋር አንድ ዓይነት የለበሱ ሚዜ ኖረዋል።»